በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ተቃውሞ ሲነሳ እንግዳ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

የከተማው ሰው ግርግር ከመድረሱ በፊት ያውቀዋል። የጀበና ቡና ሻጯ ከሰሏን አንስታ ስትገባ፣ የሱቅ በሮች እየተንኳኩ መውረድ ሲጀምሩ፣ ባጃጆች ተሳፋሪ ሳይጭኑ ወደ ሰፈራቸው ሲበሩ ያያል፤ እሱም ይገባል። እንግዳው ግን ምን እንደሆነ ለማየት ይወጣል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ጭር ያለውን ከተማ ሰላም ነው ብሎ መውጣት

ተቃውሞ ማለት ሰልፍና መፈክር ብቻ አይደለም። ከቤት ያለመውጣት አድማም አለ። ሱቁ ተዘግቶ፣ ባጃጁ ቆሞ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሲያዩ «ዛሬ በዓል ነው እንዴ?» ብለው መኪና አያስነሱ። እንዲህ ባለ ቀን የሚንቀሳቀስ መኪና አድማ ሰባሪ ተብሎ ድንጋይ ሊወረወርበት ይችላል። ጠዋት ከግቢ ከመውጣትዎ በፊት የሆቴሉን ዘበኛ «ጋሼ፣ ዛሬ መንገዱ እንዴት አደረ?» ብለው ይጠይቁ። ሌሊት በር ላይ ያደረ ሰው ስልክ ላይ ከሚነበበው ዜና የተሻለ ያውቃል። «ትንሽ ቢቆዩ ይሻላል» ካለዎት ደግሞ በጨዋ አነጋገር «አይውጡ» ማለቱ ነው።

ሰዓት እላፊን በውጭ ሰዓት መቁጠር

ከውጭ ለመጡ ሰዎች ይህ ቀላል የማይባል ስህተት ነው። «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መንቀሳቀስ ክልክል ነው» ከተባለ፣ በውጭ አቆጣጠር በተሞላ ስልክ ላይ ሰዓቱ 20:00 ነው። ባጃጅና ታክሲ ከተባለው ሰዓት ቀድመው ስለሚጠፉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመው ይግቡ።

ሁሉንም ነገር በስልክ ላይ መጣል

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለብዙ ወራት ተቋርጧል፤ ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራም ለቀናት ቆሞ ነበር። ኢንተርኔት ሲጠፋ ካርታው፣ የባንኩ መተግበሪያ፣ የበረራ ትኬቱ አብረው ይጠፋሉ። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# ይሠራል፤ መስመሩ ራሱ ከተቆረጠ ግን እሱም የለም። ኤቲኤምም ብር የሚሞላው ባንኩ ሲከፈት ነው። ስለዚህ የሦስት ቀን ምግብ፣ ማደሪያና መጓጓዣ የሚሸፍን ጥሬ ብር በትናንሽ ኖት ይያዙ፤ ሁለት ቦታ ከፍለው ያስቀምጡት። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ 907፣ የፖሊስን 991፣ የሆቴሉን፣ የአንድ የሚያውቁት ባጃጅ ነጂንና የቤተሰብን ቁጥር በወረቀት ይጻፉ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሁለት ሳምንት ትርፍ ይያዙ። ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰው ቢያንስ 6 ሊትር ውኃ ለሦስት ቀን መጠጥ ይኑር፤ በሶና ቆሎ ደግሞ እሳት ስለማይፈልጉ ለእንዲህ ያለ ቀን የተፈጠሩ ናቸው።

ሰው ሲሮጥ አብሮ መሮጥ

ነሐሴ 1 ቀን 2008 ባሕር ዳር ላይ ሰልፉ በተኩስ ተበትኖ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ሰዓት ጥይቱ ብቻ ሳይሆን መረጋገጡም ይገድላል። የባሕር ዳር ዘንባባ ያለባቸው አውራ ጎዳናዎች ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ለሽርሽር ያምራሉ፤ ጥይትና ጭስ ግን የሚያቆመው ነገር ሳይኖር በእነሱ ይጓዛል። ሕዝቡ መሐል ከገቡ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይግፉ፤ በአግድም እየተራመዱ ወደ ጠርዝ ይውጡና በመጀመሪያው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይታጠፉ። እጅዎን ደረትዎ ፊት አጥፈው ለመተንፈሻ ቦታ ይያዙ። የወደቀብዎትን ነገር ለማንሳት አያጎንብሱ።

ተኩስ ከተሰማ መሬት ላይ ይተኙ፤ ከዚያ መከለያ ይፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቆርቆሮ አጥር ከዓይን ይሰውራል እንጂ ጥይት አይመልስም። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳም አስተማማኝ አይደለም። የድንጋይ ግንብ ወይም ወፍራም የኮንክሪት ምሰሶ ይሻላል፤ ከመኪና ኋላ ከሆኑ ሞተሩና ጎማው ባለበት በኩል ይሁኑ። መውጫ ካጡ የሰው በር ያንኳኩ። «የቸገረን የእግዜር እንግዶች ነን» ብሎ ማንኳኳት በጎጃም ነውር የለበትም፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ቤት አይጠፋም።

ሆቴል ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ለማየትም ለመቅረጽም ወደ መስኮት አይቅረቡ። ብዙ ሆቴሎች ፊት ለፊታቸው ሙሉ መስታወት ነው። ፍራሹን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ስበው መሬት ላይ ያድርጉ፤ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ካለ እዚያ ይቆዩ።

በአስለቃሽ ጭስ የተነካን ዓይን ማሸት

ሲያሹት ቅንጣቱ ይበልጥ ይሰራጫል፤ ሎሚም ሽንኩርትም አይረዱም። ጭሱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ቦይና ወደ ምድር ቤት አይውረዱ፤ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ይሂዱ። ሌንስ ካደረጉ በታጠበ እጅ ያውጡት። ዓይንን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ ከአፍንጫ ወደ ጆሮ በኩል ያጥቡ። ልብሱን አውልቀው በፌስታል ይቋጥሩት። የወደቀውን የጭሱን ቆርቆሮ በእጅ አይንኩት፤ ያቃጥላል።

መቅረጽ

ወታደር፣ ፖሊስ፣ ኬላ፣ ድልድይ አይቅረጹ። ተቃዋሚውም ቢሆን ፊቱ ሲቀረጽ ሰላይ መጣ ይላል። መንግሥትም ሕዝብም በአንድ ስልክ ይጠረጥርዎታል ማለት ነው። የወታደር ልብስ የሚመስል ሱሪ፣ ባንዲራና መፈክር ያለበት ካናቴራም ሻንጣ ውስጥ ይቅር።

ከዓባይ ማዶ መቅረት

ይህን ብዙ መመሪያ አያነሳውም። ባሕር ዳርን ዓባይ ይከፍላታል፤ መሐል ከተማውና አውሮፕላን ማረፊያው በምዕራብ በኩል፣ የጎንደር መውጫ በምሥራቅ በኩል ናቸው። ድልድይ ሲዘጋ የት እንዳሉ ነው ወሳኙ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከተማው ውስጥ፣ ጥበበ ግዮን ደግሞ በአዴት መንገድ ላይ ነው፤ ማረፊያዎን ሲመርጡ ድልድይ ሳይሻገሩ የትኛው ጋ እንደሚደረስ አስቀድመው ይዩ። ወሬ በበረታበት ሳምንት ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጣና ገዳማት በጀልባ መሄድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለው ጢስ ዓባይ መውረድም ይቅር፤ መመለሻው በእጅዎ አይደለም።

መንገድ ተከፍቷል ሲባል ወዲያው መነሳት

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ የዓባይ በረሃ ነው። ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ደግሞ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ አሉ። አንዱ ጋ መንገዱ ቢዘጋ መሐል መንገድ ቀሩ ማለት ነው። «ተከፍቷል» ሲባል የተከፈተው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይጠይቁ፤ በዕለቱ ከዚያ የመጣ ሹፌር ያግኙ። የመጀመሪያው መኪና አይሁኑ፤ ጠዋት ይነሱ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ማደሪያ ይግቡ። ድንጋይ ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ መንገድ ላይ ተጋድሞ ካዩ ከሩቅ ቆመው ይመለሱ እንጂ ጥሰው አይለፉ። ኬላ ላይ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሱ፤ ከመሸ የፊት መብራቱን ዝቅ አድርገው የውስጡን ያብሩ፤ እጅዎ መሪው ላይ ይታይ። «ሰላም ዋሉ» ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ መታወቂያ ሲጠየቁ «ከኪሴ ላውጣ» ብለው አስፈቅደው ብቻ እጅዎን ያንቀሳቅሱ።