ቤት ስታራግፉ የሚወጣውን ዕቃ የት ታደርሱታላችሁ? ለድሬዳዋ ነዋሪ

የደቻቱ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ አሮጌ ዕቃ እዚያ መጣል ጉዳት ያለው አይመስልም። ዝናብ ከተራራው ሲወርድ ግን ፍራሹም ጀሪካኑም ተጠራርጎ ቱቦ ይወትፋል፣ ውሃውም ወደ ቤት ይዞራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ናትና፣ እባካችሁ ወንዙን ተዉት።

በጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አራት ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ጀምሩ፦ አንዱ ለልብስ፣ አንዱ ለብረታ ብረት፣ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለኤሌክትሮኒክስ። መድኃኒትና ባትሪ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ለብቻው ይቀመጥ።

ልብሱን አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ እርጥብ ሆኖ ከታሰረ ይሻግትና ለማንም አይሆንም። የሚለበሰውን ለጎረቤት፣ ለመስጊድ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ስጡ፤ ያረጀውን ልዋጭ ይወስደዋል።

ቆራሌውን ከመጥራታችሁ በፊት መዳብና አሉሚኒየሙን ከብረቱ ለዩ። ከተቀላቀለ ሁሉም በብረት ዋጋ ይመዘናል። መዳብ ለማውጣት ሽቦ አታቃጥሉ፤ የላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው። በቢላዋ ላጡት።

ፍሪጅ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ የሚያድር ከሆነ መጀመሪያ በሩን ከማጠፊያው ፍቱት። ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ ገብቶ በሩ ከተዘጋበት ከውስጥ መክፈት ያቅተዋል፣ አየርም ያጥረዋል። ከኋላ ያለውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ማንም በመጋዝ እንዳይቆርጠው፤ ውስጡ የታመቀ ጋዝ አለ፣ ሲወጣም አየሩን ይጎዳል። ጋዙን መሳቢያ ያለው የፍሪጅ ጠጋኝ ያውጣው፣ ከዚያ ቀሪው ይሸጥ። ወፍራሙን የድሮ ቴሌቪዥንም አትስበሩት፤ መስታወቱ እርሳስ አለበት፣ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ስልክ ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶውን ወደ ሌላ ገልብጡ፣ ከአካውንታችሁ ውጡ፣ ሁሉንም አጥፉ፣ ሲምና ሚሞሪውን አውጡ። የሚነቀል ባትሪ ካለው ጫፉን በናስትሮ ሸፍኑ። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ ፀሐይ ላይም አይተውም፤ እሳት ያስነሳል። የመኪና ባትሪ ሳይፈስ ቀጥ ብሎ ለባትሪ ሻጭ ይሂድ፤ አሲዱ መሬት ላይ አይደፋ። ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ቢሰበር መስኮት ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ከክፍሉ ውጡ፤ ሜርኩሪ አለው። ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በወፍራም ካርቶን እየገፋችሁ ሰብስቡ።

ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት መጀመሪያ ፋርማሲ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቀበለ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅሉ፣ በፌስታል ቋጥራችሁ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጨምሩ። ሽንት ቤት አትድፉት።

ፀረ ተባይ የነበረበትን ጀሪካን ለማንም አትስጡ፤ ታጥቦ ውሃ መቅጃ ይሆናል። ባዶውን ታቹን በሚስማር ብሱት፣ ከዚያ ወደ ገንዳ።