እንደ ቸርችል በትልቁ ቡሩሽ፦ ጣና ዳር ሥዕል እንዴት ይጀመራል

የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አዲስ አበባ ያለው ጎዳና ነው፤ ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከአፉ የማይጠፋው ሲጋር። ሰውየው ግን ከ500 በላይ ሥዕሎች ትቶ ነው ያለፈው። የጀመረውም በ40 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቱርክ ላይ የተከፈተው የዳርዳኔልስ ዘመቻ ሲከሽፍ ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ ተነሳ። እንግዲህ ቀን ከሌት ሥራ የለመደ ሰው በአንዴ ቁጭ በል ሲባል ምን እንደሚሆን አስቡት። ገጠር ሄዶ ሳለ የወንድሙ ሚስት በውሃ ቀለም ስትስል አየና እሱም በልጆች ቀለም ሞከረ፤ ወዲያው የዘይት ቀለም ገዛ።

ነጩ ሸራ ፊት ሲቆም ግን እጁ አልታዘዝ አለው። ከብዙ ማመንታት በኋላ ባቄላ የምታክል ሰማያዊ ነጥብ አሳረፈ። በዚህ መሃል የሠዓሊው የጆን ላቬሪ ባለቤት ሄዝል ላቬሪ በመኪና ደረሰች። ምን ያስፈራሃል፣ ቡሩሹን አምጣ፣ ትልቁን አለችና ሸራውን በሰማያዊ ቀለም ገረፈችው። ከዚያ በኋላ ሸራ ፈርቼ አላውቅም ብሎ ቸርችል ስለ ሥዕል ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ጽፏል።

ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚያ ከትልቁ ቡሩሽ የመጣ ነው። ባሕር ዳር የምትኖሩ ወይም ለእረፍት የምትመጡ፣ "ሥዕል ተሰጥኦ ላለው ነው" ብላችሁ የተዋችሁ፣ እስቲ እንዲህ ጀምሩ።

መጀመሪያ ሸራውን ርካሽ አድርጉት። ውድ ሸራ ሰው ያስፈራል። አናጢ ዘንድ ሄዳችሁ የክንድ ያህል ስፋት ያለው የእንጨት ክፈፍ አሠሩ። አቡጀዲ ገዝታችሁ እጠቡትና ሲደርቅ ወጥሩት፤ ክፈፉ ላይ በሚስማር ስትመቱት ከአራቱም ጎን መሃል መሃሉን ጀምሩ፣ ማዕዘኑ የመጨረሻ ይሁን፣ አለበለዚያ ይጨማደዳል። ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ አንዴ ቀቡት። ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ደርቡበት። በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጉት፤ አለቀ።

ለጀማሪ አክሪሊክ ይሻላል፤ በውሃ ይሠራል፣ በውሃ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ደስ ይላል፣ የተልባ ዘይት ሽታውም ልዩ ነው፣ ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፤ እርጥብ ሥዕል ይዞ ባጃጅ ውስጥ መግባት ደግሞ የልብስ ጠላት ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይና ቡናማ ይበቃል። ጥቁር አትግዙ፤ ሰማያዊና ቡናማ ስትቀላቅሉ ከጥቁር የተሻለ ጥቁር ይወጣል። አሮጌ ሳህን፣ ጨርቅ፣ ውሃ በጀሪካን፣ ሦስት ቡሩሽ። ከሦስቱ አንዱ የግድ የግድግዳ ቀቢ የሚይዘው ዓይነት ሰፊ ይሁን።

ቦታው ላይ ባሕር ዳር ዕድለኛ ናት። ከተማዋ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስላለች ወደ ውሃው ስትዞሩ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ አትገባም። ችግሩ ከጀርባችሁ መጥታ ነጩን ሸራ ታንቦገቡገዋለች። ፀሐይ ያረፈበት ሸራ ላይ ያደባለቃችሁት ቀለም ቤት ስትገቡ ጨልሞ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ዋርካ ሥር ወይም ሌላ ጥላ ፈልጉ። ሰዓቱ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ግድም ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ሸራውም ሸራ መሆኑን ያስታውስና ልብረር ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተቀምጣችሁ ታንኳዋን በእርሳስ መንደፍ እንዳትጀምሩ! ሰፊውን ቡሩሽ ሰማያዊና ነጭ ውስጥ ንከሩና ሰማዩን በሙሉ ሙሉት፣ ቀጥሎ ውሃውን። ነጭ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ዝርዝር የሚባል ነገር የለም። ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ከሸራው መሃል አውጡት፣ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ፤ ደግሞ ቀጥ ይበል፣ ትንሽ ከተንጋደደ ጣና የሚፈስ ይመስላል። የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከሩቅ አረንጓዴ አይደለም፤ ዓይናችሁን አጨንቁሩና እዩት፣ ግራጫ ሰማያዊ ቀጭን ቁራጭ ነው። ደን መሆኑን ስለምታውቁ ብቻ አረንጓዴ ልታደርጉት ነበር አይደል?

የውሃው ቀለም ላይ ከቸርችል ጋር እንጣላለን። ደማቅ ቀለሞች ደስ እንደሚሉት፣ ምስኪን ቡናማዎች ግን እንደሚያሳዝኑት ጽፏል። ክረምት ጣናን ቢያይ ምን ይል ነበር? ወንዞቹ አፈር ተሸክመው ሲገቡ ሐይቁ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። እዚህ ቡናማ የሌለው ሠዓሊ ሥራ ፈት ነው። ብዙ ነጭ፣ ትንሽ ቡናማ፣ ጠብታ ሰማያዊ አድርጉና ጀምሩ። ለደንገሉ ቢጫና ሰማያዊ ቀላቅሉ፣ ላዩ ላይ ጠብታ ቀይ ጨምሩ፤ ካለዚያ የፕላስቲክ አበባ ይሆናል።

ታንኳዋ የመጨረሻ ናት። ከደንገል ስለምትሠራ ውሃው ላይ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ከሩቅ ቀዛፊው ውሃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አንድ ጠቆር ያለ አግድም ምት፣ አንድ ቀጥ ያለ ምት፣ በቃ። ስለማትቆምላችሁ አንዴ ልብ ብላችሁ እዩዋትና ዓይናችሁን መልሳችሁ ከትዝታ ሥሩ። ቸርችልም ሥዕል የማስታወስ ሥራ ነው ባይ ነበር፤ ከሸራው እስከ መልክዓ ምድሩ ዓይን ሲመላለስ በመሃል የሚይዘው ትዝታ ነው።

ልጆች ይሰበሰባሉ፣ "ጋሼ እኔን ሳለኝ" ይመጣል። አንድ ቁራጭ ካርቶንና የተረፈ ቀለም ስጧቸው፣ እነሱ ከናንተ ይበልጥ ደፋር ናቸው። ሰው ከመሳላችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ።

እጃችሁ ከፈራ በጀልባ ዘጌ ተሻገሩና ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ። አባን ሰላም በሉ፣ ጫማ አውልቁ፣ መቅደሱን የከበበውን ግድግዳ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ ቢጫ፣ ወፍራም ጥቁር መስመር፤ ጥላ ለመሥራት የተጨነቀ የለም። ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን ያዩአችኋል፣ ክፉዎቹ በጎን ተስለው ባንድ ዓይን። የድፍረት ትምህርት ቤት እዚሁ እያለ ዩቲዩብ ላይ መዋል ምን ይባላል?

"ዕድሜዬ ሄደ" ለሚል፦ ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ከፕሬዚዳንትነት ከወረደ በኋላ ይህንኑ ቸርችል ስለ ሥዕል የጻፈውን ጽሑፍ አንብቦ እ.ኤ.አ. በ2012 ጀመረ፤ አስተማሪም ቀጠረ። የአሜሪካው ጄኔራል አይዘንሃወርም ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጨርሶ ነው ቡሩሽ የያዘው።

ሥዕሉ ሲያልቅ ቀኑን ከጀርባው ጻፉና ለሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። እውነተኛ አስተያየት ከፈለጋችሁ ቸርችልን ምሰሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ለንደን ወዳለው ሮያል አካዳሚ ሁለት ሥዕሎች የላከው "ሚስተር ዊንተር" በሚል ስም ነው፣ ሁለቱም ተቀባይነት አገኙ። እናንተም ሳሎን ስቀሉትና የማን እንደሆነ አትናገሩ። እናታችሁ "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" ካሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ነጭ ደርቡበትና ቅዳሜ ይዛችሁት ውጡ።