በዘጋቢ ፊልም ቁራጭ ምድርንና ሕዋን እንዴት ማስተማር ይቻላል

ደሴ ላይ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው የታደለ ነው። የጦሳ ተራራ ከላይ ቆሞ ይታያል። የሐረጎን ቁልቁለት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተማሪ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ቁልቁለት የአፋር ዝቅተኛ ምድር የምዕራብ ጠርዝ አካል ነው። ስለዚህ ፊልም የሚያስፈልገን ተራራና ገደል ለማሳየት አይደለም። ከሥር የሚገፋውን፣ ሚሊዮን ዓመታት የፈጀውን፣ ዓይን የማይደርስበትን ለማሳየት ነው። ቁራጭ ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ተማሪዎቼ ይህን ወጣ ብለው ማየት ይችላሉ? ከቻሉ ፊልሙን ተዉት፣ ይዛችኋቸው ውጡ።

ምርጫና ዝግጅት

ሙሉ ፊልም አታሳዩ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ ገመድ መሰካትና ተማሪ ማስቀመጥ አለ። ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ይበቃል። አንድ ቁራጭ አንድ ነገር ብቻ ያሳይ። ርዕሱ የኤርታሌ ቅልጥ አለት ከሆነ፣ የጨው ጫኞቹ ግመሎች የቱንም ያህል ቢያምሩ ይቆረጡ።

ቪዲዮውን አስቀድማችሁ አውርዱ፤ በፍላሽም በላፕቶፕም ያዙት። ኔትወርክ ይመጣል ብሎ ክፍል መግባት አያዋጣም። ለክፍል ፕሮጀክተር 480 ጥራት በቂ ነው። ማጫወቻ ከተባለ እኔ ከቪኤልሲ ሌላ አልመክርም። ነፃ ነው፣ ያገኘውን ፋይል ሁሉ ይከፍታል። ደግሞም የእንግሊዝኛዋን ኢ ፊደል ስትጫኑ ምስሉ አንድ በአንድ ይሄዳል፤ ለእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ይህ ወርቅ ነው። ላፕቶፑን ማታውኑ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ቢጠፋ ፕሮጀክተሩ ይቆማል እንጂ ትምህርቱ አይቆምም፤ ተማሪዎቹን በቡድን ከፍላችሁ በላፕቶፑ ታሳያላችሁ።

መስኮቱን በመጋረጃ ወይም በካርቶን ሸፍኑ።

ድምፁን ዝጉ፣ መሃል ላይ አቁሙ

ብዙ መምህር ቪዲዮውን ይከፍትና ከኋላ ይቀመጣል። ያኔ ክፍሉ ሲኒማ ቤት ይሆናል። ተማሪው በጣም ተደስቶ ይወጣል፤ በማግስቱ ስትጠይቁት ግን የሚያስታውሰው እሳቱን ብቻ ነው። ተራኪው በፈጣን እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገር ስለነገረው፣ ራሱ ያሰበው ነገር የለም።

መፍትሔው ይህ ነው። መጀመሪያ ያለ ድምፅ አጫውቱ። ዋናው ነገር ሊሆን ሲል፣ ማለትም መሬቱ ሊሰነጠቅ ወይም ጨረቃ ፀሐይን ልትሸፍን ስትል፣ አቁሙት። “ቀጥሎ ምን ይሆናል? ለምን?” በሉ። መልሱን በደብተራቸው ይጻፉ። በቃል ብቻ ከሆነ ሁለት ጎበዞች ይመልሳሉ፣ ሌላው ይከተላቸዋል። ከተጻፈ ግን እያንዳንዱ ግምቱ ልክ መሆኑን ለማየት ይጓጓል። ከዚያ ቀጥሉት። በሁለተኛው ዙር ድምፁን ክፈቱ፤ ከባድ ከሆኑት ቃላት አምስቱን ብቻ ቀድማችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። በሦስተኛው ዙር ድምፁ ይዘጋና አንድ ተማሪ ተራኪ ይሁን፣ በአማርኛም ቢሆን። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፊልሙ የሚያሳስትበትን ቦታ አትለፉ

ከሁሉም ደረጃዎች ይኼኛው ይበልጥብኛል። ዘጋቢ ፊልም ጊዜን ያሳጥራል፣ ርቀትን ያቀርባል። አለበለዚያ በስክሪን ላይ አይገባም። ተማሪው ግን ያየውን እንዳለ ያምናል።

ጊዜን እንውሰድ። ፊልሙ ላይ አፍሪካ በአሥር ሰከንድ ለሁለት ተከፍላ ባሕር ይገባባታል። ያን ጊዜ አቁሙና ማስመሪያ አስወጧቸው። በአፋር በኩል የዓረቢያ ቅርፊት፣ ማለትም ዓረቢያን የተሸከመው ግዙፍ የመሬት ንጣፍ፣ ከአፍሪካ በዓመት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዚህ ፍጥነት 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ለመሙላት 15 ዓመት ይፈጃል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ዕድሜውን በማስመሪያ ላይ ያየዋል።

ቀጥላችሁ ስለ ዳባሁ እሳተ ገሞራ ንገሯቸው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ማግማ (ከመሬት ሥር ያለ ቅልጥ አለት) ከሥር ገባና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሬቱን በቦታ በቦታው እስከ 8 ሜትር አራራቀው። አንድ ልጅ መነሳቱ አይቀርም፤ “በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር አላሉም እንዴ?” ይላል። አትቸኩሉ፣ ያስሉት። 8 ሜትር ለ2 ሴንቲ ሜትር ሲካፈል 400 ዓመት ይመጣል። ቅርፊቶቹ ሳያቋርጡ ይጎተታሉ፤ መሬቱ ግን ለዘመናት ተወጥሮ ይቆይና በአንዴ ይለቃል። አማካይ ማለት ምን እንደሆነ ተማሪዎች የሚገባቸው በዚህ ስሌት ነው፤ ፊልሙ ብቻውን ይህን አይሰጥም።

ሕዋ ላይ ደግሞ ችግሩ ርቀት ነው። በፊልም ጨረቃ ከምድር አጠገብ ትዞራለች። 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እግር ኳስ ምድር ይሁን፤ ጨረቃ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ኳስ ናት። ምን ያህል እንደምትርቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቁሙ። ሁሉም ቀርበው ይቆማሉ። ትክክለኛው 6 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከሰሌዳው እስከ ኋላ ወንበር ሊደርስ ይችላል። ፀሐይ በዚሁ ሚዛን 24 ሜትር ስፋት ኖሯት ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትርቃለች። መንኮራኩር ሲያልፍ የሚሰማው ጉርምርምታም የፊልሙ ጭማሪ ነው፤ አየር በሌለበት ድምፅ አይተላለፍም። እያንዳንዱን ምስል “ይህ በካሜራ የተነሳ ነው ወይስ በኮምፒውተር የተሠራ?” ብለው እንዲጠይቁ አስለምዷቸው።

ስለ ግርዶሽ የምታስተምሩ ከሆነ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው የቀለበት ግርዶሽ ቅርባችን ነው። ደሴ ላይ በከፊል ነበር የታየው። የዚያን ቀን ቤተሰቦቻቸው ምን እንዳዩ ጠይቀው ይምጡ። ግን አስጠንቅቋቸው፤ ፀሐይን በተራ መነጽርም ሆነ በራጅ ፊልም ማየት ዓይን ያጠፋል።

ወደ ውጭ

በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች መጋረጃውን ክፈቱ፣ ከተቻለ ወደ ሜዳው ውጡ። ጥቁር ድንጋይ አንሡና አስይዟቸው። በዚህ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በስንጥቅ ወጥቶ ደጋውን ካለበሰው ቅልጥ አለት የመጣ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ደግሞ ተማሪዎቹ የቆሙት በሁለት ከፍታዎች መካከል በሰመጠው የቦርከና ሜዳ ላይ ነው። ፊልሙ ላይ ያዩትን ስምጥ ከቆሙበት ሆነው በእርሳስ ይሳሉት፤ የትኛው ጎን እንደወረደ በቀስት ያመልክቱ። ሥዕሉን ሰብስባችሁ ማረም እንዳትረሱ፤ የሚቀጥለውን ቁራጭ የምትመርጡት ቀስቱን የት ላይ እንደሳቱ አይታችሁ ነው።