ለኦቲዝም ሕክምና ገንዘብ ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች

ገንዘቡን ለአንድ ጉዞ ማሰብ። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት በሰማ ማግስት በሬ ሸጦ፣ ዕቁብ አስቀድሞ ወስዶ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ ሲከፈል ለሥልጠና የታሰበው ብር መንገድ ላይ ያልቃል። እንደ ጆይና ነህምያ ያሉት የአዲስ አበባ የኦቲዝም ማዕከላት ደግሞ ወረፋ ስላለባቸው፣ ደውሎ ቦታ መኖሩን ሳያረጋግጡ መነሳት ኪሳራ ነው። ኦቲዝም አንድ ጊዜ ታክሞ የሚለቅ በሽታ አይደለም፤ ልጁን የሚያግዘው ለዓመታት የሚቀጥል የንግግር፣ የመግባቢያና የባህርይ ሥልጠና ነው። ስለዚህ ድጋፍ የምትጠይቁበት ወረቀት ላይ የወር ወጪውን ለ12 ወር ዘርዝሩ፦ ትራንስፖርት፣ ሥልጠና፣ መድኃኒት ካለ መድኃኒት፣ ልጁን ለመጠበቅ ሥራ ያቆመ ወላጅ ያጣው ገቢ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ቤቱን የሚያራቁተው ግን እሱ ነው።

ያለ ሪፈር መሄድ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ሪፈር ሳይዝ ደሴ ሪፈራል ካርድ ያወጣ ሰው መድኑ ሊሸፍንለት የሚችለውን ወጪ ከኪሱ ይከፍላል። የልጁ ስም በቤተሰቡ የመድን ደብተር ላይ መስፈሩንም አረጋግጡ። መዋጮው በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ስለሚሰበሰብ፣ እድሳቱ ያለፈበት ቤተሰብ የሚቀጥለውን ወቅት ለመጠበቅ ይገደዳል። መክፈል የማይችል ግን በቀበሌ ከተለየ መዋጮው ይከፈልለታል።

መድኑ የግል ማዕከል የሥልጠና ክፍያን አይሸፍንም። የሚጠቅመው ለምርመራና ለመድኃኒት ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። የማይናገር ልጅ መጀመሪያ ጆሮው መመርመር አለበት፤ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው።

ልጁን መደበቅ። ከሁሉም የሚያሳዝነን ይህ ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው የመንግሥት የድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፤ መሥራት ለማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ተጠቃሚ የሚለየው በሠፈር ኮሚቴ ነው። መዝጋቢ ሲመጣ ጓዳ የገባ ልጅ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ ድጋፍ አያገኝም።

የበሽታውን ስም ብቻ የያዘ የሕክምና ማስረጃ። «ኦቲዝም» የሚለው ቃል ለኮሚቴ ብዙ አይነግረውም። ሐኪሙ ልጁ ማድረግ የማይችለውን እንዲጽፍ ጠይቁ፦ አይናገርም፣ መኪና አይፈራም፣ ብቻውን አይተውም፣ ሽንት ቤት ሰው ያግዘዋል። ማኅተሙ ይታይ፤ ዋናው ቤት ይቀመጥ፣ የሚሰጠው ኮፒ ይሁን።

ፈውስ መግዛት። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሪስፐሪዶን ቁጣንና ራስን መጉዳትን ሊቀንስ ይችላል፤ አንደበት አይፈታም። «ከደም ውስጥ መርዛማ ከባድ ብረቶችን ያወጣል» ተብሎ የሚሸጠው ሕክምና ልጅ ሊገድል ይችላል። ጸበልም ሆነ ዱአ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ለዚያ ተብሎ ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ልጁ ለከባድ መንቀጥቀጥ ይጋለጣል።

ከቅሬ (ከእድር) በፊት በቲክቶክ ገንዘብ መጠየቅ። ልጁ ሲያለቅስ የተቀረጸ ቪዲዮ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ልጁ አድጎም ይከተለዋል። ከቅሬው ሦስት ሰው ይመረጥ፣ የባንክ ሂሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ የ12 ወሩ ዝርዝር ይነበብ፣ ደረሰኝ በየወሩ ይቅረብ። በወር የሚዋጣ ትንሽ ብር አንዴ ከሚሰበሰብ ብዙ ብር ይልቅ ሥልጠናው እንዳይቋረጥ ያደርጋል።

ወላጅን ያላሠለጠነ ወጪ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው፤ በአገራችንም ተሞክሯል፤ የሚሰጠውም የግድ ስፔሻሊስት አይደለም። ለግል ማዕከል ከመክፈላችሁ በፊት የሆስፒታሉን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለዚህ ሥልጠና ጠይቁ።