ዚፕላይን ልትሞክሩ ላሰባችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፦ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ተሰባስባችሁ እንጦጦ ፓርክ ዚፕላይን (በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተት) ለመሞከር ካሰባችሁ ሂዱ፣ ደስ ይላል። ግን እነዚህን ተጠንቀቁ።

ማብራሪያውን አለመስማት። «የጣርማ በርን ገደል እያየን አድገን ይሄ ምን ያስፈራል?» የሚል ከቡድኑ አይጠፋም። አለመፍራት ጥሩ ነው፤ ግን እግር መቼ እንደሚነሳ፣ የባለሙያው የእጅ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ የሚነገረው እዚያች የጥቂት ደቂቃ ማብራሪያ ላይ ነው፣ ያኔ ስልክ የሚነካካ ሰው ገመዱ ላይ ሲሆን ግራ ይገባዋል። ካልገባችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

አረቄ ለድፍረት። በፍጹም! አንድ መለኪያም ቢሆን።

እጅን ከመዘውሩ (ገመዱ ላይ ከሚንከባለለው፣ እናንተን ከሚይዘው ጎማ) ፊት ማድረግ። ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። አንዳንድ ቦታ ፍሬኑ ራሱ ያቆማችኋል። ሌላ ቦታ ግን ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቃችሁ፣ ገመዱን ጫን እያላችሁ ፍጥነት የምትቀንሱት እናንተ ናችሁ። እንዲያ ከሆነ እጃችሁ ሁልጊዜ ከመዘውሩ ኋላ ይሁን፣ ከፊት ከሆነ ጣት ላይ ይወጣል። ቶሎ ፍሬን ከያዛችሁ ደግሞ መሃል ላይ ትቀራላችሁ፤ ክብደቱ ቀላል የሆነ ሰው ፍሬን ሳይዝም ሊቆም ይችላል። አትደንግጡ። ፊታችሁን ወደ መጣችሁበት አዙሩና ገመዱን በሁለት እጅ እያፈራረቃችሁ ራሳችሁን ወደ መድረሻው መድረክ ሳቡ። ካቃታችሁም ባለሙያው መጥቶ ይወስዳችኋል።

አለባበስ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻርፕ ይውለቅ፤ የተንጠለጠለ ነገር መዘውሩ ውስጥ ይገባል። ጸጉርም ሹሩባም ይታሰር። ሰውነታችሁን የሚይዘው ማሰሪያ በጭን መሃል ስለሚያልፍ ቀሚስ አይመችም። ጫማችሁ የሚታሰር ይሁን። ከሸዋ ሮቢት የምትመጡ ጃኬት አትርሱ፣ እንጦጦ ይበርዳል።

ክብደትና ጤናን መደበቅ። ዝቅተኛም ከፍተኛም የክብደት ገደብ አለ፣ ልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ልጆች ይዛችሁ ያን ሁሉ መንገድ ከመምጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የወገብ ሕመም ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ይቅርበት።

አንድ ገመድ ብቻ መስሏችሁ መሄድ። ይሄ ውጭ አገር ለምትሄዱ ነው። እነ ኮስታ ሪካ ያለው የካኖፒ ጉብኝት ከዛፍ ዛፍ በብዙ ገመድ የሚያሻግር ነው፤ ወፍ ዋሻ ደንን የምታውቁ በጥድና በዝግባው ጫፍ መሃል መሄድን አስቡት። በየመሃሉ በእግር ይወጣል፣ ተንጠልጣይ ድልድይም ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ጊዜና ጉልበት ይዛችሁ ሂዱ። ነጎድጓድ ከመጣ ይቋረጣል፣ አትከራከሩ። ዛፉ ላይ ያለው መድረክ ጠባብ ነው፣ እዚያ ስትቆሙም ከገመድ ጋር እንደተያያዛችሁ ነው። መንጠቆውን ፈትቶ ወደሚቀጥለው የሚያዞረው ባለሙያው ነው፤ እናንተ እጃችሁን አታስገቡ።