ፒክአፕ ሲጎተት የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፒክአፕ መንገድ ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ የተበላሸው ሞተሩ ነው። ጋራዥ ሲደርስ ግን ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) አብሮ ተቃጥሎ ይገኛል። ይሄ የጉተታ ጥፋት ነው፤ ሊቀር የሚችል ጥፋት።

ውጭ አገር ሰዎች መኝታና ማድ ቤት የተሠራበት ትልቅ መኪና እየነዱ፣ ፒክአፓቸውን አራቱም ጎማ መሬት እንደረገጠ ከኋላ አስረው ይጓዛሉ። እኛ ጋ የሚጎትተው አይሱዙ ነው። ከወልድያ ተነስቶ መርሳን፣ ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ጋራዥ ድረስ ይወስደዋል። የካምቢዮው አሠራር ግን እዚያም እዚህም ያው ነው።

ካምቢዮው ይሸታል፣ ይጮኻል፣ በኋላም ማርሽ አልገባም ይላል

«ዜሮ ላይ አድርጌዋለሁ እኮ!» ይላል ባለቤቱ። እውነቱን ነው፣ ግን ዜሮ ብቻውን አይበቃም። የኋላ ጎማዎች ሲዞሩ ዲፈረንሻሉ (በኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለው የጥርስ ሳጥን) ይዞራል። ዲፈረንሻሉ ረጅሙን ዘንግ፣ ዘንጉ ደግሞ የካምቢዮውን የኋላ ክፍል ያዞራል። በብዙ ማኑዋል ፒክአፖች ዘይቱን ወደ ላይ የሚረጩት የታችኞቹ ጥርሶች ናቸው። ዜሮ ላይ እነሱን የሚያዞራቸው ሞተሩ ብቻ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ ታች ይተኛል፣ ላይ ያለው ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ቀለበት) በደረቁ ይዞራል። አውቶማቲክ ደግሞ ይብሳል። የዘይቱ ፓምፕ በሞተር ኃይል ስለሚሠራ፣ ሞተር ከሌለ ዘይት የሚባል ነገር አይደርሰውም።

መፍትሄው ረጅሙን ዘንግ መፍታት ነው። መጀመሪያ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ዘንጉ ከወጣ በኋላ ማርሽ መኪናውን አይይዘውም፤ በተለይ ዳገት ላይ ከቆመ ይሄን አትርሱ። ከዚያ ዘንጉና ዲፈረንሻሉ የሚገናኙበት ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ሲመለስ በነበረበት ካልገጠመ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ዘንጉን አውጥታችሁ ፒክአፑ ላይ ብትጭኑት ይሻላል። ከካምቢዮው ተስቦ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ዘይት ስለሚፈስ ቀዳዳውን ድፈኑ። ይሄ ሁሉ አንድ መካኒክ መንገድ ዳር የሚጨርሰው ሥራ ነው። ካምቢዮ ከማስወረድ ጋር አይወዳደርም።

ፎር ዊል ከሆነ የፊት ጎማ ሎኮቹን (ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙትን) «ፍሪ» ላይ አድርጉ። ትንሿ የፎር ዊል ማርሽ ዜሮ ካላትና የመኪናው መመሪያ ከፈቀደ፣ ዘንግ ሳይፈታ መጎተት ይቻላል። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ግን በጭነት መኪና ማስጫን ነው የሚሻለው።

ጥምዝ ላይ አልታጠፍም ይላል

መሪው ተቆልፏል። ቁልፉን ከትታችሁ አንድ ደረጃ አዙሩት፣ ከዚያ መሪውን በእጃችሁ ግራ ቀኝ ሞክሩ። ቁልፉ እንደዞረ ረጅም ርቀት ሲሄድ ባትሪው ያልቃል። ስለዚህ የሚጠቅም መብራት ካልሆነ በቀር ሬዲዮውንም ሌላውንም አጥፉ።

የፊት ጎማዎቹ ይርገበገባሉ

መጀመሪያ የጎማ ንፋስ እዩ። ቀጥሎ የመሪ መገጣጠሚያዎቹን ያዙና ነቅንቁ፤ ልል ከሆኑ ይርገበገባሉ። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ የመጎተቻው ብረት ተንጋዷል። የአይሱዙው መያዣ ከፍ ያለ ነው፣ የፒክአፑ ዝቅ ያለ። ብረቱ በተቻለ መጠን ለጥ ያለ መሆን አለበት፤ ልዩነቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። እስኪስተካከል ድረስ ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

ቁልቁለት ላይ ፒክአፑ ከኋላ ይገፋል

ከደሴ ወጥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ የሚያውቅ ሾፌር ይሄን ሳልነግረው ይገባዋል። ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ያውም ጥምዝ በጥምዝ። ገመድ መጎተት እንጂ መያዝ አይችልም። አይሱዙው ፍሬን ሲይዝ ገመዱ ይረግባል፣ ፒክአፑ ሄዶ ይገጨዋል። ሐረጎን በገመድ አትውረዱ። ሰው ቸኩሎ ቢለምናችሁም እሺ አትበሉ።

ብረት ስትጠቀሙም ዓይነቱን ለዩ። አንድ ቀጥ ያለ ብረት ከሆነ ፒክአፑ ላይ መሪና ፍሬን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሰውየው አስቀድሞ ይወቅ፤ ሞተር ከጠፋ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፣ በጣም አጥብቆ መርገጥ አለበት። መሪውም ይከብዳል። ሻንሲውን (መኪናውን የተሸከመውን የታች ብረት) በሁለት ቦታ የሚይዝ ሦስት ማዕዘን ብረት ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ራሳቸው ይከተላሉ። ያኔ ግን የፒክአፑ ክብደት በሙሉ የሚያርፈው አይሱዙው ፍሬን ላይ ነው። ፒክአፑ ጭነት ካለው አራግፉት። አይሱዙው ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ያስገባ፣ መሀል ላይ ለመቀየር አይጠብቅ። የፍሬን ሽታ ከመጣ ሜዳ ቦታ ፈልጎ ይቁምና ያብርደው፤ ውሃ አይደፋበት።

ክረምት ላይ ደሴ ዙሪያ ጉም ሲወርድ የፒክአፑ የኋላ መብራት የግድ መብራት አለበት። ካልበራ አትንቀሳቀሱ።

ብረቱ ተጣመመ

ወደ ኋላ ተመልሳችኋል ማለት ነው። በሦስት ማዕዘን ብረት ወደ ኋላ አይኬድም፤ ጎማዎቹ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዙና ብረቱን ያጣምሙታል። መዞር ካስፈለገ ፒክአፑን ፈትታችሁ ግፉት።

መያዣው ተነቀለ

ፓራውልት (የፊት መከላከያው) ላይ ወይም የመሪ ዘንግ ላይ ታስሮ ነበር። የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ባለው መንጠቆ ብቻ ነው። መኪና ሲቆም ሰው ይሰበሰባል፣ ሕፃናትም ይመጣሉ። የተበጠሰ የብረት ገመድ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉንም አርቁ።

ጋራዥ ስትደርሱ

ዘንጉን ሳትመልሱ የካምቢዮውን ዘይት ትንሽ አውጥታችሁ እዩ። የተቃጠለ ከሸተተ ወይም የብረት ብናኝ ካለበት፣ ሞተሩ ተሠርቶ ከመነዳቱ በፊት ካምቢዮው ይከፈት።