የድሮ ደብተራችሁን አትጣሉ

ካርቱን የምትስሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የድሮ ደብተራችሁ ቢያሳፍራችሁም እንኳ አትጣሉት።

በየስድስት ወሩ ያንኑ ገጸ ባሕሪያችሁን የድሮውን ሳታዩ ሳሉት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ሲሮጥ። ቀኑን ከሥሩ ጻፉበት። ከዚያ ከድሮው ጎን አስቀምጡት። መጀመሪያ ዓይንና እጅን እዩ። የኔ የድሮ ሰዎች ሁሉም እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። ለካ ጣት መሳል ስለማልችል ነበር!

ለውጡ አያስደንግጣችሁ። የአሜሪካዊው ካርቱን ሠዓሊ የቻርልስ ሹልዝ ታዋቂ ውሻ ስኑፒ በ1950 እ.ኤ.አ. ሲጀምር በአራት እግሩ የሚሄድ ተራ ቡችላ ነበር። በሁለት እግሩ መራመድ የለመደው ከዓመታት በኋላ ነው። ሹልዝ ራሱ በ1981 የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መስመሩም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ያም ሆኖ ካርቱኑን ሌላ ሰው እንዲስልለት አላደረገም። እኔ እንዲያውም ያንን የሚንቀጠቀጥ መስመር እወደዋለሁ።

አንድ ታሪክ መሃል ላይ ከሆናችሁ ግን ተጠንቀቁ። የገጸ ባሕሪው ቁመት የጭንቅላቱን ስንት እጥፍ እንደሆነ ለክታችሁ ጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፉት። አለዚያ ገጽ 3 ላይ ሕፃን የነበረው ልጅ ገጽ 20 ላይ ጎረምሳ ሆኖ ታገኙታላችሁ።